ከግራ ወደ ቀኝ፦ የአንድ የታችኛው ሊግ ሆኪ ተጫዋች ጉዳይ

ለምን ይህን ጉዳይ መረጥኩ

ይህ የአንድ የአይስ ሆኪ ተጫዋች ጉዳይ ነው። ከ20 ዓመት በላይ በክፍያ ተጫውቷል። በትልቁ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ የተሰለፈው ግን 45 ጨዋታ ብቻ ነው። የቀረውን ሁሉ ያሳለፈው በታችኞቹ ሊጎች ነው።

ስሙን አልጠራም። የሆኪ ታሪክ የሚያውቅ ሰው ገና መሃል ሳይደርስ ማን እንደሆነ ይለየዋል፤ ሕይወቱ በአደባባይ የተነገረ ነው። ስሙን የተውኩት፣ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ አንዲት ምሽት ላይ ስለሚቆም ነው። ምሽቷ ትልቅ ናት፤ እኔም እደርስባታለሁ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው፦ በ29 ዓመቱ ከግራ ክንፍ ወደ ቀኝ ክንፍ የተዛወረበት የውድድር ዘመን። ቡድን ለሚያሠለጥን፣ ክፍል ለሚያስተምር፣ ሠራተኛ ለሚመራ ሰው የሚጠቅመው ነገር ያለው እዚያ ይመስለኛል።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታውን ለማያውቅ

ቶሮንቶ፣ ኤድመንተን ወይም ሚኒያፖሊስ ልጅ የሚያሳድግ አንባቢ ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ለሌላው ግን በአጭሩ ላስረዳ።

ከእያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ በረዶው ላይ የሚወጣው ስድስት ሰው ነው፦ ግብ ጠባቂ፣ ሁለት ተከላካይ፣ አንድ የመሃል አጥቂ፣ ግራ ክንፍ እና ቀኝ ክንፍ። ሜዳው 61 ሜትር በ26 ሜትር ገደማ ነው። ዙሪያውን በግድግዳ የታጠረ ነው። ኳስ የለም፤ ያለው ፓክ ነው። ፓክ 7.6 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ፣ ጠንካራ ጎማ ነው። ክብደቱ 170 ግራም ገደማ ነው። እንዳይነጥር ከጨዋታ በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይገባል። በዱላ ተመትቶ ሲመጣ እንደ ድንጋይ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እግር ኳስ የሚያይ ሁሉ ክንፍ ምን እንደሆነ ያውቃል። ግራ ክንፍ ላይ የሚጫወት ሰው ፊቱን ወደ ተጋጣሚ ግብ ሲያዞር በግራ ትከሻው በኩል ያለው ግድግዳ ነው። ጨዋታው ያለው በቀኙ ነው። ፓኩ የሚመጣለት ከቀኙ ነው፣ ሊገጨው የሚመጣውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከቀኙ ነው። ቀኝ ክንፍ ላይ ደግሞ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። የጉዳዩ ፍሬ ይህ ነው።

ስለ ሊጎቹም ሁለት ቃል። ከ1942 እስከ 1967 ድረስ ኤንኤችኤል ስድስት ቡድን ብቻ ነበረው፦ ሞንትሪያል፣ ቶሮንቶ፣ ቦስተን፣ ኒው ዮርክ፣ ዲትሮይት እና ቺካጎ። በዓለም ላይ የዚያ ደረጃ ቦታ ብዛት ከመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ቦታ ያጣው ሁሉ ወደ ታችኞቹ ሊጎች ይወርዳል። ታችኛ ሊግ ማለት አማተር ማለት አይደለም። ውል አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ረጅም የመንገድ ጉዞ አለ። በረዶው ሲያልቅ ደግሞ ብዙው ተጫዋች ሌላ ሥራ ይፈልጋል።

ዳራው

በጥቅምት 1935 በምሥራቅ ካናዳ፣ ኒው ብራንስዊክ ውስጥ፣ ፍሬደሪክተን በምትባል ከተማ ተወለደ። ለቤቱ 13ኛና የመጨረሻው ልጅ ነበር። የዘር ሐረጉ ከአሜሪካ ባርነት አምልጠው ካናዳ ከገቡ ሰዎች ይመዘዛል። ፍሬደሪክተን ውስጥ የነበሩት ጥቁር ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

በሦስት ዓመቱ ስኬት (የበረዶ መንሸራተቻ) ጫማ አደረገ። በአምስት ዓመቱ በቡድን መጫወት ጀመረ። ክረምት ሲገባ አባቱ ጓሮው ላይ ውሃ ያፈስና በረዶ ይሠራላቸዋል፤ ልጆቹ እዚያ ይውላሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ የታወቀበት ነገር ፍጥነቱ ነው።

ቤዝቦልም ይጫወት ነበር፤ ጎበዝ ነበር። በ1956 አንድ ትልቅ የአሜሪካ ክለብ ለሙከራ ጆርጂያ ድረስ ጠራው። ጥቁርና ነጭ ተለይቶ የሚኖርበትን አገር በዓይኑ ያየው ያኔ ነው። ሙከራው ሳይሳካ ቀረና በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጉዞው ቀናት ፈጀ። ጆርጂያ ላይ ሲሳፈር የተቀመጠው ከኋላ ነበር። ወደ ሰሜን በተጠጉ ቁጥር ወንበር እየቀየረ ወደ ፊት ተጠጋ። ካናዳ ሲገቡ ከፊት ነበር። ይህን ራሱ ደጋግሞ የሚያወራው ታሪክ ነው። ከዚያ ጉዞ በኋላ ልቡን ሙሉ በሙሉ ለሆኪ ሰጠ።

ያን ጊዜ ግን አንድ ዓይኑ አያይም ነበር።

ችግሩ

ጉዳቱ የደረሰው በ1955–56 የውድድር ዘመን ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ፣ ኪችነር ላይ ላለ የወጣቶች ቡድን ይጫወት ነበር። ጨዋታው ከጉዌልፍ ጋር ነው። እሱ ተጋጣሚው ግብ ፊት ቆሟል። ከሩቅ በኃይል የተመታ ፓክ ዱላ ነክቶ አቅጣጫውን ቀየረና ፊቱ ላይ አረፈ። አፍንጫው ተሰበረ። የጉንጩ አጥንት ተሰበረ። ቀኝ ዓይኑ ተጎዳ። በዚያ ዘመን ራስ ላይ የሚደረግ መከላከያም ሆነ የፊት መሸፈኛ መስተዋት አብዛኛው ተጫዋች አያደርግም ነበር። ኤንኤችኤል አዲስ ገቢ ተጫዋቾች ሁሉ የራስ መከላከያ እንዲያደርጉ ያስገደደው በ1979 ነው፤ የፊት መስተዋቱን ደግሞ በ2013።

ሐኪሙ የነገረው ቁርጥ ያለ ነበር። የቀኝ ዓይኑ 95 ከመቶ የማየት አቅሙን አጥቷል። ከእንግዲህ ሆኪ የለም።

ዕድሜው ሃያ ገደማ ነው። ከስምንት ሳምንት በኋላ ተመልሶ በረዶው ላይ ነበር።

እዚህ ላይ ደንቡን ማወቅ ያስፈልጋል። ኤንኤችኤል አንድ ዓይኑ የማያይ ተጫዋች እንዳይሰለፍ ይከለክል ነበር። ደንቡ ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም። አንድ ዓይኑን ካጣ በኋላ መጫወቱን ቀጥሎ፣ ሌላኛው ዓይኑም የተጎዳበት ተጫዋች ነበር፤ ደንቡ እስካሁን የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ስለዚህ ይህ ወጣት እውነቱን ቢናገር ትልቁ ሊግ ይዘጋበታል። ዝም ቢል ደግሞ የቀረችውን አንዲት ዓይን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዝምታን መረጠ። ከቤተሰቡ ለእህቱ ነገራት፣ ምስጢሩን እንድትጠብቅለትም አስማላት። አሠልጣኞቹ አያውቁም፤ ቡድኖቹ አያውቁም። ምስጢሩ በይፋ የወጣው መጫወት ካቆመ በኋላ ነው።

ይህን ውሳኔ ለመፍረድ አልቸኩልም። አንድ ሕልም ብቻ የያዘ የሃያ ዓመት ልጅ ነው። ግን ውሳኔው ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውም እያደር ነው የታየው።

የመጀመሪያው ርምጃ፦ አንገትን ማዞር

የተለመደ ቦታው ግራ ክንፍ ነበር። ዱላውንም የሚይዘው በግራ ነው። ለዚህ ቦታ የተፈጠረ ተጫዋች ነበር ማለት ይቻላል፤ ቀኝ ዓይኑ ደህና ቢሆን።

አሁን ግን ፓኩ የሚመጣው ከማያይበት በኩል ነው። መፍትሔ ያለው አንድ ነገር ነበር፦ አንገቱን እስከ ቀኝ ትከሻው ድረስ ማዞርና በግራ ዓይኑ መፈለግ። እስቲ በምናባችሁ እዩት። ሰውየው በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊት እየተንሸራተተ ነው፤ ፊቱ ግን ወደ ኋላ ወደ ቀኝ ዞሯል። ፓኩን ሲያገኘው ከፊቱ ማን እንዳለ አያይም። ወደ ፊት ሲመለስ ፓኩ ይጠፋዋል።

መጀመሪያ ላይ ፓኩን አልፎት ይሄድ ነበር፤ ምቱም ግቡን ይስታል። ራሱ እንደሚለው ለራሱ የሰጠው ምክር የማታየውን እርሳው፣ የምታየው ላይ አተኩር የሚል ነበር። ይህ ምክር አእምሮውን አረጋግቶለታል። አንገቱን ከማዞር ግን አላዳነውም።

ቢሆንም ሠራ። በ1956 ኩቤክ ከተማ ያለ ቡድን አስፈረመው። በመጀመሪያው ዓመት 22 ግብ አገባ። አንድ ዓይን ይዞ፣ በተሳሳተ ጎን ሆኖ 22 ግብ! ይህ ቁጥር ለእኔ ስለ ፍጥነቱ ከማንኛውም ምስጋና በላይ ይናገራል።

ትልቁ ሊግ፦ 45 ጨዋታ

ቦስተን የተጎዳ ሰው ለመተካት ከኩቤክ ጠራው። ጥር 18 ቀን 1958 ሞንትሪያል ላይ በኤንኤችኤል ጨዋታ የተሰለፈ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። ቦስተን 3 ለ 0 አሸነፈ። በማግስቱ ቦስተን ላይ አንድ ጨዋታ ተጨመረለት፤ ከዚያ ወደ ኩቤክ ተመለሰ። ሁለት ጨዋታ፣ አለቀ። በዚያ ሳምንት ነገሩን ታሪክ ብሎ የያዘው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚያ ለሦስት ዓመት ገደማ በታችኞቹ ሊጎች ቆየ። በ1960–61 ቦስተን መልሶ ጠራው፤ በዚህ ጊዜ 43 ጨዋታ ተጫወተ። 4 ግብ አገባ፣ 10 ለግብ አመቻችቶ አቀበለ። የመጀመሪያዋን ግብ ያስቆጠረው በ1961 የአዲስ ዓመት ዕለት፣ በሞንትሪያል ላይ ነው።

እነዚህን 43 ጨዋታዎች ስንመዝን ሁለቱን ሸክም አብረን መመዘን አለብን። አንዱን ሸክም ሁሉም ሰው ያይ ነበር። በአሜሪካ ከተሞች በተለይ ከተመልካች የሚወረወረው ስድብ ከባድ ነበር። ቺካጎ ላይ አንድ ተጋጣሚ በዱላው ጫፍ አፉን መታው፤ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ፣ አፍንጫው ተሰበረ። እሱም በዱላው መለሰለት፤ ከዚያ የተነሳው ጠብ ሜዳውን አናወጠው። ሁለተኛውን ሸክም ግን ማንም አያውቅም ነበር። ከቀኙ የሚመጣውን ዱላ ማየት የማይችል ሰው እንደሆነ አሠልጣኙ ቢያውቅ ኖሮ፣ ቢያንስ የት እንደሚያቆመው ያስብበት ነበር።

የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ የቡድኑ ኃላፊዎች በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳለህ አሉት። ደስ ብሎት አገሩ ገባ። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ወደ ሞንትሪያል ተሽጧል። ዜናውን የነገረው ጋዜጠኛ ነው፤ ከቡድኑ የደወለለት የለም።

ሞንትሪያል በወቅቱ ከ1956 እስከ 1960 በተከታታይ አምስት ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነበር። እዚያ ክንፍ ላይ ቦታ ማግኘት የማይታሰብ ነው። በ1961 ኅዳር ወደ ሎስ አንጀለስ ላኩት። ኤንኤችኤልን ዳግም አልረገጠም።

ሎስ አንጀለስ፦ የተቀየረው ጎን

የምዕራብ ሆኪ ሊግ ታችኛ ሊግ ይባል እንጂ ቀላል አልነበረም። ሲያትል፣ ፖርትላንድ፣ ቫንኩቨር፣ ሳን ፍራንሲስኮ ቡድን ነበራቸው። ከስድስቱ ቡድኖች የተረፉ ጎበዝ ተጫዋቾች እዚያ ተከማችተው ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት እንደ ልማዱ ግራ ክንፍ ላይ ተጫወተ። በ54 ጨዋታ 28 ግብ። በ64 ጨዋታ 25። በ60 ጨዋታ 17። ቁጥሩ እየወረደ ነው። ዕድሜው 28 ሆኗል፤ አንድ ሥራ አስኪያጅ ይህን ወረቀት ብቻ ቢያይ ሰውየው እያለቀለት ነው ብሎ ቢደመድም አይገርምም።

በ1964–65 አሠልጣኙ ወደ ቀኝ ክንፍ አዛወረው።

በ70 ጨዋታ 38 ግብ አገባ። ቀጣዩ ዓመት በ62 ጨዋታ 33፤ ከዚያ በ68 ጨዋታ 34።

ምን ተለወጠ? ዓይኑ አልዳነም። ፍጥነቱ በ29 ዓመቱ አልጨመረም። የተለወጠው ግድግዳው ያለበት ጎን ነው። አሁን በማያየው ዓይኑ በኩል ያለው ግድግዳ ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው የለም። ፓኩ፣ ጓደኞቹ፣ ተጋጣሚዎቹ፣ ግቡ፣ ሁሉም በሚያየው ዓይኑ በኩል ሆኑ። አንገቱን ማዞር ቀረ። ፊቱን ወደሚሄድበት አዙሮ መሄድ ቻለ።

በነጻ የተገኘ ለውጥ ግን አልነበረም። ዱላውን በግራ ስለሚይዝ ቀኝ ክንፍ ላይ ብዙውን ኳስ (ፓኩን ማለቴ ነው፣ ምላሴ ወደ እግር ኳስ እየሄደ ነው) የሚቀበለው በዱላው ጀርባ ነው። ይህ የማይመች ነገር ነው። ለዓመታት የለመደውን አቀባበል እንደገና መማር ነበረበት። አዲሱ ችግር ግን በልምምድ የሚፈታ ነው። የድሮው አይፈታም ነበር።

ቁጥሩን ደምሬ አየሁት። ከለውጡ በፊት በሎስ አንጀለስ ሦስት ዓመት፣ በ178 ጨዋታ 70 ግብ። ከለውጡ በኋላ በሦስት ዓመት፣ በ200 ጨዋታ 105 ግብ። በፊት አንድ ግብ የሚያገኘው በሁለት ተኩል ጨዋታ ነበር፤ በኋላ ሁለት ጨዋታ እንኳ አይሞላም።

መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ልዩነቱን ሁሉ ለጎኑ መስጠት ልክ አይሆንም። ግራ ላይ ሆኖ በ54 ጨዋታ 28 ግብ ያገባ ሰው ነው፤ ያ ጥሩ ቁጥር ነው። 17 ያገባበት ዓመትም በራሱ መጥፎ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሦስት ዓመት ተከታትሎ ከ30 በላይ ማግባት አጋጣሚ አይመስለኝም።

የሠራው እና ያልሠራው

የሠራው ነገር ግልጽ ነው፤ ሰውየውን ሳይቀይሩ የቆመበትን ቦታ መቀየር።

ሌላም የሠራ ነገር አለ፤ የምታየው ላይ አተኩር የሚለው ምክሩ። ያ ምክር ባይኖር እስከ 1964 የሚቆይ አይመስለኝም። ጽናት ጊዜ ይገዛል። መፍትሔው እስኪመጣ ድረስ ሰውን በሥራው ላይ ያቆየዋል።

ያልሠራው ዝምታው ነው። ይህን ስጽፍ ከበድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ዝምታው ባይኖር ያቺ የጥር 18 ምሽትም አትኖርም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው። ዝምታው በሩን ከፈተለት፤ ከገባ በኋላ ደግሞ እጁን አሰረው። ከጉዳቱ እስከ ጎን ለውጡ ስምንት ዓመት አልፏል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ኩቤክ አለ፣ ኪንግስተን አለ፣ ቦስተን አለ። በትልቁ ሊግ ያገኘውን ብቸኛ ዕድል የተጫወተው በማያይበት ጎን ሆኖ ነው። ምስጢሩን የሚያውቅ አንድ የሆኪ ሰው አጠገቡ ቢኖር፣ ቀኝ ሞክር ለማለት ስምንት ዓመት አይፈጅበትም ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ መጣል ግን አግባብ አይደለም። ደንቡ ለተናጋሪው የሚሰጠው አንድ መልስ ብቻ ነበር፦ ውጣ። ምርመራ የለም፤ ደረጃ የለም፤ ተመለስ የሚባልበት መንገድ የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሆነውን ከዚህ ጋር አነጻጽሩት። በ2000 አንድ የቶሮንቶ ተከላካይ ዓይኑን በዱላ ተመታ። ብዙ ቀዶ ሕክምና አደረገ። ሊጉ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ የማየት መጠን በኮንታክት ሌንስ አሟላ፤ በ2001 ተመልሶ ተጫወተ። ያ ሰው ችግሩን መደበቅ አላስፈለገውም። የሚለካበት መስፈርት ነበረው።

የቦስተን ነገርም ያልሠራ ነው፤ በቃል የተሰጠ ተስፋ። ትመለሳለህ የተባለው ቃል በጽሑፍ አልነበረም። በታችኛ ሊግ የኖረ ተጫዋች ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ ያኔም አሁንም።

ለሌላ ሥራ የሚወሰድ

እኔ ከዚህ ጉዳይ በመጀመሪያ የምወስደው የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። አንድ ሰው ውጤቱ ሲወርድ ቶሎ የምንጠይቀው ምን ሆነ ብለን ነው። ሰነፈ፣ አረጀ፣ አቅሙ አለቀ እንላለን። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት የት ነው ያቆምነው የሚለው ነው። ጆሮው የሚከብድ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ፈዛዛ ሲባል የማያውቅ መምህር ያለ አይመስለኝም። ወንበሩን ለመቀየር ሐኪም አያስፈልግም። ወጪም የለውም። ሞክሮ ማየት ብቻ ነው። የሎስ አንጀለሱ ለውጥም እንዲሁ ወጪ አልነበረውም።

ሁለተኛው ለመሪዎች ነው። ሰው ችግሩን ሲናገር የሚያገኘው ቅጣት ብቻ ከሆነ ማንም አይናገርም። ችግሩ ግን አይጠፋም፤ ከእናንተ ዓይን ብቻ ነው የሚጠፋው። የሚያግድ ደንብ ካላችሁ፣ አጠገቡ የሚለካ መስፈርትና የመመለሻ መንገድ አስቀምጡ። ያለዚያ ደንቡ አደጋውን ይሸፍነዋል እንጂ አያስቀረውም። ይህ ተጫዋች ደንቡ ሊከላከልለት ይገባ የነበረውን ዓይን ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ፓክ ፊት ቆሟል።

ችግሩን ይዞ ለሚኖረው ሰው ደግሞ የምለው ሌላ ነው። ለሁሉም ሰው መናገር አይጠበቅብህም። ግን ሥራውን ከሚያውቅ አንድ ሰው ጋር ተነጋገር። እህቱ ትወደዋለች፤ ምስጢሩን ጠብቃለታለች። ስለ ክንፍ ቦታ ግን የምትመክረው ነገር ሊኖራት አይችልም። የሚወድህ ሰው እና መፍትሔውን ሊያይ የሚችለው ሰው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

ስለ ቁጥርም አንድ ነገር። በኤንኤችኤል መዝገብ ላይ ያለው 45 ጨዋታ፣ 4 ግብ ነው። ይህን ብቻ የሚያነብ ሰው ለትልቁ ሊግ አልበቃም ብሎ ይዘጋዋል። መዝገቡ ግን በየትኛው ጎን፣ በየትኛው ዓይን እንደተጫወተ አይጽፍም። ሠራተኛ ስትመዝኑ፣ ተማሪ ስትመዝኑ፣ ከቁጥሩ አጠገብ ሁኔታውን ጻፉ።

የኋለኞቹ ዓመታት

በ1967 ኤንኤችኤል ከስድስት ወደ አሥራ ሁለት ቡድን አደገ። ሎስ አንጀለስም ቡድን አገኘች። ለእሱ ግን የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የታችኛው ሊግ ቡድን ቦታውን ለትልቁ ለቅቆ ተዘጋ። እሱ ወደ ሳን ዲዬጎ ወረደ። ዕድሜው 31 ነበር። ቦታው ሲበዛ ሊገባ ይችል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን አዲስ ቡድን ማለት አዲስ የጤና ምርመራ ማለት ነው።

ሳን ዲዬጎ ቤቱ ሆነች። በ1968–69፣ በ33 ዓመቱ፣ እንደገና 38 ግብ አገባ፤ 41 አቀበለ። የሕይወቱ ምርጥ ዓመት ይህ ነው። ሊጉ በ1974 እስኪዘጋ ድረስ ተጫወተ። መጨረሻ ላይ በ1978–79፣ በ43 ዓመቱ፣ ሌላ ትንሽ ሊግ ውስጥ ተመልሶ 53 ጨዋታ ተጫወተና 21 ግብ አገባ።

ከዚያ ሕይወት እንደ ማንኛውም የታችኛ ሊግ ተጫዋች ሆነ። ጡረታ የሚበቃ ገንዘብ አልተጠራቀመም። በጥበቃ ሥራ ኖረ፤ በሳን ዲዬጎ አቅራቢያ ያለ የታወቀ ሆቴል ጥበቃ ነበር። ኤንኤችኤል ያስታወሰው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1998 ሆኪ ላልደረሳቸው ልጆች ጨዋታውን የሚያዳርስ ፕሮግራም ላይ ሥራ ሰጠው። ዕድሜው ስልሳ አልፎ ነበር። ከተማ ለከተማ እየዞረ ለልጆች ስኬት ጫማ ሲያስር ዓመታት አሳለፈ። በ2018 ወደ ሆኪ የክብር አዳራሽ ሲገባ የገባው በተጫዋችነት አይደለም፤ ጨዋታውን ለገነቡ ሰዎች በተለየው ክፍል ነው።

ሁለት ከተሞች ማሊያውን ሰቅለውለታል፤ ለክብሩ ሲባል ቁጥሩን ከእንግዲህ ሌላ ተጫዋች አይለብሰውም ማለት ነው። ቦስተን 22 ቁጥርን የሰቀለችው ጥር 18 ቀን 2022፣ ልክ በ64ኛው ዓመት ነው። ወረርሽኙ ስለነበር በአካል መገኘት አልቻለም፤ ሥነ ሥርዓቱን የተከታተለው ከሳን ዲዬጎ በቪዲዮ ነው። ሳን ዲዬጎ ግን ቀድማዋለች። 20 ቁጥሩን የሰቀለችው በ2015 ነው። ያ ቀኝ ክንፍ ላይ ሆኖ የለበሰው ማሊያ ነው።